ቀጥላ የምትመታው

ኮርዶር ጡረታ ወጥቶ ሕንድ ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማው ወደ ሺሎንግ ሲመለስ መጀመሪያ ያጠያየቀው የኢዳሊንን ቤት አልነበረም፤ የጎልፍ ዱላ የሚሸጥበትን ሱቅ ነው። ኢዳሊን ይህን ስትሰማ አኮረፈች። ኩርፊያው ሲሰለቻት ደግሞ ሸማዋን ደርባ በዝናብ ራሷ ሱቁ ድረስ ሄደች።

ኮርዶር ጥቁር ዱላ ይዞ ሱቁ ውስጥ እየወዘወዘ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ አምፖሉን ልትሰብረው ነው!» አለችው ከበሩ ላይ።

ዞረ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አላረጀሽም» አላት።

«አርጅቻለሁ። አንተም አርጅተሃል። ይሄን ዱላ ማን መረጠልህ?»

ባለሱቁ ዶንቦክ የሚያኝከውን ምራቅ የሚያቀላ ፍሬ ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ አድርጎ ሳቀ። «ራሱ ነዋ! እኔማ፣ ጋሼ፣ ይሄ ዘንጉ ድርቅ ያለ ነው፣ ለጎረምሳ ነው የሚሆነው ብዬው ነበር። ሊበላኝ!»

ይህ ድራይቨር የሚሉት ዱላ ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የመጀመሪያውን ምት የሚመቱበት። ክንድ ሲያረጅ ይዘገያል፤ የዘገየ ክንድ ደግሞ ቀለል ያለ፣ ዘንጉ ትንሽ የሚታጠፍ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ዱላ ነው የሚፈልገው። ይህን ሺሎንግ ውስጥ ሣር አጫጁም ያውቃል። ችግሩ እንዲህ ያለውን ዱላ ሴቶች ስለሚይዙት፣ ወንዶቹ ሰው ፊት ማውጣቱን እንደ ውርደት ማየታቸው ነው።

ኢዳሊን ከመደርደሪያው አንዱን አንስታ ሰጠችው።

«ይሄማ የሴት ነው» አለ።

«እኔ የምመታው በዚህ ዓይነት ነው። ምን ጎድሎኝ አየህ?»

«አንቺንማ መች አልኩ… አጎትሽ ፊት ይሄን ይዤ ልቁም?»

የአጎቷ ነገር ቀላል አይደለም። ኢዳሊን የመጨረሻ ሴት ልጅ ናት፤ በአገሩ ልማድ ቤቱ የእሷ ነው፤ የሚያገባት ሰው ጓዙን ጠቅልሎ እሷ ዘንድ ይገባል። ከመግባቱ በፊት ግን የእናቷ ወንድም አይቶ ይሁን ማለት አለበት። በወጣትነታቸው ኮርዶርና እሷ ጥንድ ሆነው ይጫወቱ ነበር። በጥንድ ጨዋታ ኳሱ ለሁለቱ አንድ ነው፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ኳሱ ከወደቀበት ይቀጥላል። አጎቷ ሊያየው የመጣ ቀን ኮርዶር ሰው እንዲያይለት ባለ በሌለ ኃይሉ መታና ኳሱን ወንዝ ዳር ውሃ ውስጥ ጣለው። ኢዳሊን በክት ልብሷ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ስትመታ እሱ «ርቀቱን ግን አያችሁ?» እያለ ይስቅ ነበር።

አጎቷ ስታርዌል ማታውኑ ተናገረ። «ይሄ ልጅ የራሱን ምት እንጂ ቀጥላ የምትመታውን አያይም። ቤታችን አይገባም።»

ኮርዶር ተናዶ ርቆ ሄደ፤ በምሥራቅ ደን ጠባቂ ሆነ፤ አገባ፣ ሚስቱም ሞተችበት። ኢዳሊን አላገባችም። ይህን ሁሉ ዘመን ያንገበገባት የአጎቷ ክፋት አልነበረም። አጎቷ ልክ መሆኑ ነው።

«ስማኝ» አለችው አሁን። «ቅዳሜ ጥንድ ጨዋታ አለ። አጎቴ መመለስህን ሲሰማ ከእኔ ጋር እንድትጫወት ብሏል። ወንበሩን ሜዳው ድረስ አስወጥቶ እንደገና ሊያይህ ነው።»

ኮርዶር ሁለቱን ዱላዎች እያፈራረቀ አየ።

«እንዲህ ከሆነማ ጠንካራው ነው የሚያስፈልገኝ» ብሎ ጥቁሩን ገዛ።

ኢዳሊን ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች።

ቅዳሜ ጥዶቹ ጉም ለብሰው ዋሉ። እሷ ስትጀምር ኳሱ ሣሩ መካከል ያርፍለታል። እሱ ሲጀምር ግን ኳሱ ወደ ቀኝ እየተጣመመ ጥዶቹ ውስጥ ይገባል፤ እሷም ሥር ለሥር እያጎነበሰች፣ ጭቃ እየረገጠች ታወጣዋለች። መጀመሪያ ላይ «ይቅርታ» ይላት ነበር። በኋላ ያንንም ተወው። እሷም ወደ እሱ ማየት ተወች።

የመጨረሻው ጉድጓድ መነሻ ላይ ሰዉ ተሰብስቧል። ስታርዌል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጀማሪው ኮርዶር ነው።

ኢዳሊን ከኋላው ቆማ ለራሷ ቆረጠች፦ አሁንም እንደዚያ ከመታ፣ አጎቴ እሺ ቢል እንኳ እኔ እምቢ እላለሁ።

ኮርዶር ጥቁሩን ዱላ ከኳሱ ኋላ አስተካከለ። ሊመታ ቀና ሲል ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ፀጉሯ ላይ የጥድ ቅጠል ተሰክቷል፤ መዳፏ ተልጦ በመሐረብ አስራዋለች። ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ኢዳሊን፣ ከየት መምታት ትፈልጊያለሽ?»

«ምን አልክ?»

«ቀጣዩ ምት ያንቺ ነው። ኳሱ የት ቢያርፍልሽ ይመችሻል?»

እናቷን ስታስታምም፣ ቤት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ የሚመቻትን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በታሰረው እጇ ጠቆመች።

«ከዚያች ዛፍ ወዲህ። ቅርብ ነው፤ ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ።»

ዱላቸው ጥቂት ስለነበር ሁለቱም በአንድ ከረጢት ነበር የያዙት፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ጥቁሩን መለሰና የእሷን መዘዘ።

«ኧረ ጋሼ ኮርዶር! ቀሚሱንስ የት ጣልከው?» አለ ከሰዉ መሐል አንዱ። ሰዉ በሳቅ ተንጫጫ። የኮርዶር ጆሮ ቀላ፤ ዱላውን ግን አልመለሰም።

መታ። ኳሱ ከፍ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሄዶ ወረደ። ካሳየችው ቦታ ትንሽ ቀረት ብሏል፤ ግን ሣር ላይ ነው፣ ደረቅ ሣር ላይ። ኢዳሊን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ቀጥላ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ መታች።

በውጤት ከመጨረሻዎቹ ነበሩ። ተመልሰው ስታርዌል ፊት ሲቆሙ ሽማግሌው ቀይ ምራቁን ወደ ጎን ተፋ።

«አጭር ነው የመታኸው» አለ።

«አዎ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን አስተካከለ። ኢዳሊን ሸማዋን ጨምቃ ያዘች።

«የቤታችን ደረጃ ያንሸራትታል» አለ። «ስትገባ ቀስ ብለህ ግባ።»

ኮርዶር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኢዳሊን ግን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ቆይ እንጂ! እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አሁን ልጠይቅሽ ነበር» አለ ኮርዶር።

«ጠይቀኛ!»

ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጠየቃት። እሷም ከፀጉሯ የጥድ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጣለች፤ መሐረቡን ፈታች፣ መዳፏን አየች፣ መልሳ አሰረችው። እሺታዋ አፏ ውስጥ ነበር፤ ግን ስንት ዘመን የጠበቀች ሴት ናትና፣ እሱም ትንሽ ይጠብቅ።