ፊሽካው ዝም ያለ ቀን

የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ስም አለው፤ ግን የሚጠራበት የለም። ልጆቹ «ፊሽካ» ይሉታል። ፊሽካ ካንገቱ አይወርድም፤ ስሙን ያወጣለት ግን ፊሽካው ሳይሆን አፉ ነው። ኳስ ከተነሳች እስክታርፍ «ግራ! ዝቅ በይ! አሁን ዝለይ! ኧረ ዝለይ!» ይላል።

የሚያሳዝነው የሚለው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ቡድኑ ግን ይሸነፋል። አንድ ቀን አምበሏ «ምን አለኝ?» ብላ ወደሱ ስትዞር ኳሷ መጥታ አፍንጫዋን አለቻት።

«ዓይንሽ የት ነበር?» ብሎ ጮኸባት።

«አንተ ላይ!» አለችው፣ አፍንጫዋን በፎጣ ይዛ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ነገሩ አልገባውም።

በዚያው ሰሞን መኪና መንዳት ሊማር ገባ። አስተማሪዋ ሳቋ ካይኗ የሚጀምር ወጣት ናት። በሷም በኩል ፍሬን አለ። እግሯን እዚያው አጠገብ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች።

ዳገት ላይ የመኪናዋ ሞተር ጠፋበት። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ምን ላድርግ?» አላት፣ ላብ አጥምቆት።

ዝም።

«ኧረ በናትሽ!»

«ስትጠፋ ምን አዩ?» አለችው ረጋ ብላ።

አሰበ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ መልቀቁ ትዝ አለው። እንደገና አስነሳ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ዳገቱን ጨረሰች። ፊሽካ ዋንጫ እንዳነሳ ሰው ጮኸ።

«ጎበዝ ነህ!» አለችው እየሳቀች፤ «እርስዎ» ማለቱን ረስታው። ዘወር ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እንዲህ ሲተያዩ ኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ደገመው።

ከትምህርቱ በኋላ ሻይ ጋበዛት።

«የሳትኩትን ታውቂ ነበር አይደል?»

«አሳምሬ።»

«ታዲያ ምን ነበረበት ብትነግሪኝ?»

«ብነግርህ የሚቀጥለው ዳገት ላይም እኔን ትፈልጋለህ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የለሁም።»

«ሁልጊዜ ብትኖሪስ?» አለ፣ አፉ ቀድሞት።

ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማማሰሏን አላቆመችም።

ፍቅሩ እንዲህ ጀመረ። እየዋለ ሲያድር የልቧንም ነገረችው። አባቷ ጡረታ እስኪወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ያደገችው ከሱ ወንበር ኋላ ተቀምጣ ነው። ያንን ትልቅ መሪ መጨበጥ የልጅነት ሕልሟ ስለሆነ ለአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ልትፈተን ተመዝግባለች። ፊሽካ ከሷ በላይ ጓጓ። ጉጉቱ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራው።

የፈተናው ቀን ሄዶ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ነድታ፣ በተተከሉት እንጨቶች መሀል ማቆም አለባት። ቀስ ብላ መጣች። የኋላ ጎማው ትንሽ ሸሸት ሲል አየና አላስቻለውም።

«ወደ ቀኝ! ጠምዝዢው! ቀኝ አልኩሽ እኮ!»

ደንግጣ ወደ ድምፁ ዞረች። ድው! እንጨቱ ወደቀ። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ።

ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ቀኝ መሆኑ የጠፋኝ መሰለህ?»

«አይ፣ ታውቂያለሽ፣ ግን ላግዝሽ ብዬ…»

«እኔ አጠገብህ ስቀመጥ ፍሬኑን ልረግጥ እያማረኝ ስንቴ እግሬን እንደያዝኩት ታውቃለህ? ስላመንኩህ ነው የያዝኩት። አንተ ግን እኔን አታምነኝም።» ፊቷን አዞረች። «ከማያምነኝ ሰው ጋር ደግሞ አልኖርም።»

ሄደች። ስልኳንም አላነሳ አለች። ፊሽካ እህል አልወርድ አለው።

ልምምድ ላይ እንደለመደው ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ ገና ኳሷ ሳትነሳ የልጆቹ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ መሆኑን አየ። አንዳቸውም ኳሷን አያዩም! የአምበሏ አፍንጫ ትዝ አለው። ክው አለ። ለካ እስከ ዛሬ ኳስ ሳይሆን እሱን እንዲጫወቱ ነው ያስተማራቸው።

ፊሽካውን ካንገቱ አውልቆ ለአምበሏ ሰጣት። ወንበር ስቦ እጆቹ ላይ ተቀመጠ። ስህተት ሲያይ «ምን አየሽ?» ይላል፤ ሌላ የለም።

«ኮች፣ አሞሃል እንዴ?» አሉት መጀመሪያ።

ቀስ በቀስ ግን መመለስ ጀመሩ፤ መከራከርም መጣ። አምበሏ አንድ ቀን «ከመረቡ ርቄ እየዘለልኩ ነው መሰለኝ» አለች። እሱ ይህንኑ ሲነግራት ጉሮሮው ደርቆ ነበር። ካፏ የወጣ ቀን አስተካከለችው።

ከሻምፒዮኖቹ ጋር ሲጋጠሙ ውጤቱ እኩል ሆኖ የመጨረሻው ዙር ደረሰ። በዚያም ዙር ተመሩ። ፊሽካ እንደ ልማዱ ቢጮህ ደስ ባለው! ዋጠው። ዕረፍት ጠየቀና ሰበሰባቸው።

«ምን አያችሁ?»

«ያቺ ረጅሟ ሁልጊዜ ወደ ጥግ ነው የምትመታው» አለች ከሁሉም አጭሯ።

«ታዲያ?»

«እዚያ ልጠብቃት።»

«ሂጂ ጠብቂያት» አለ።

ጠበቀቻት። ኳሷን እየተወረወረች አነሳቻት፤ ደጋግማ አነሳቻት። አሸነፉ! ልጆቹ ሲከመሩበት ከተመልካቹ መሀል አንዲት ሴት እያጨበጨበች ስትወርድ አየ።

«ፊሽካህን ማን ሰረቀህ?» አለችው መንዳት አስተማሪዋ።

«ሰጥቼው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺን ማመን አቅቶኝ ሳይሆን፣ እየፈራሁ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።»

ዓይኗ እርጥብ አለ። «ሰኞ እንደገና እፈተናለሁ። አጥሩ ጋ ና።»

«አልመጣም! አፌን አላምነውም።»

«እኔ አምነዋለሁ» አለችው።

ሰኞ መጣ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲመጣ ያ ጎማ እንደገና ሸሸት አለ። ፊሽካ አየው። የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ጥርሱን ነከሰ። እሷም በመስታወት አየችው፤ ጎማውንም፣ እሱንም። ቆም አለች። መሪዋን ወደ ቀኝ መለሰችና አውቶቡሱን በእንጨቶቹ መሀል አሳምራ አቆመችው። ፈታኙ እጇን ጨበጣት።

እየሮጠች ወደ አጥሩ መጣች።

«ምን አየህ?» አለችው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አንቺን ነዋ!» በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን ያዘ። «ታገቢኛለሽ?»

ዝም አለች። መኪና ውስጥ እንደምታደርገው እየጠበቀች ይሁን እያሰበች አላወቀም። አልጎተጎታትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ቢሆንም ሊጠብቃት ቆርጧል።

«አገባሃለሁ» አለች። «የቡድንህን ልጆች ግን በአውቶቡስ ለሰርጉ የማመጣቸው እኔ ነኝ። አንተ መጨረሻ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።»

ወደ ሰርጉ የሚሄዱበትን መንገድ ከሷ በላይ ያውቀዋል። የቱ ጋ እንደሚጨናነቅ፣ የቱ ጋ መታጠፍ እንደሚሻል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እሺ» አለ።