የጋሽ ይርጋ ክላክስ

እኔ እኮ፣ ወዳጄ፣ ጅብ ሲጮህ ሰምቼ «ጅብ ነው» ብዬ ተገላብጬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ቡዳ፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ ሲባል ሳቄ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይህን የማወራህ ላስፈራራህ እንዳይመስልህ፣ መልሱን አጥቼ ከራሴ ጋር ስሟገት ስለኖርኩ ነው።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ገና ወደ እኛ እስቴ ባልደረሰበት ጊዜ ነው። «ዳማ» የምላት ያረጀች ፒክአፕ ነበረችኝ፣ ቀለሟ ዳማ ፈረስ ስለሚመስል ነው ስሟ፣ ከወገዳ ገበያ እህል እየጫነች ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ጭነት ሲገኝም እስከ ደብረ ታቦር ትሄዳለች፣ ልጆቼ የበሉትም የተማሩትም በእሷ ጀርባ ነው። አቀበት ላይ ታቃስታለች፣ በሯ የሚታሰረው በገመድ ነው፣ ግን እመነኝ፣ ገደል አፋፍ ላይ አንድም ቀን አልከዳችኝም። እወዳት ነበር፣ ሚስቴ እንኳ ግሪስ ስቀባት እያየች «እኔን እንዲህ ቅባት ቀብተኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ጭንቀቴ ቦሎ ነው። ዳማ ዓመታዊውን ምርመራ ካላለፈች ቦሎ አይለጠፍላትም፣ ቦሎ ከሌላት ትራፊክ ከመንገድ ያስወጣታል፣ እሷ ከቆመች ደግሞ የእኔም ቤት ቆመ ማለት ነው። ፍሬኑን ራሴ ፈትቼ ሠራሁት፣ የቀረውን እንደ ማንኛውም የአገራችን ሹፌር ተዋስኩ፣ ምርመራ የምትሄድ መኪና እንደ ሙሽራ ናት፣ ጌጧን ከጎረቤት ነው የምትዋሰው። ጎማ ከአማቼ፣ የዝናብ መጥረጊያ ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር አገኘሁ፣ ክላክስ ብቻ ጠፋ።

መንዳት ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፣ አሮጌው የጭነት መኪናቸውም ከግቢያቸው እንደቆመ ነው። ቤታቸው በደብረ ታቦሩ መንገድ፣ ከአንድ ጠመዝማዛ ሥር ነው ያለው። በሕይወት ሳሉ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርገው ክላክስ ያሰማሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ያን ሲሰሙ ሰፊውን የእንጨት በር ይከፍታሉ፣ ጋሽ ይርጋም ሳይቆሙ ሰተት ብለው ይገባሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የኖሩት።

እትዬ አንጓች ዘንድ ሄጄ አፍሬ ለመንኳቸው።

«ውሰደው፣ የኔ ልጅ፣ ጋሽህ ቢኖሩም አይነፍጉህም» አሉኝ። ፈትቼ ስነሳ ግን እጄን ያዙኝ። «ሙሌ፣ በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፣ እዚህ በሬ ላይ እንዳታጮኸው። ቀኑ ዘንበል ሲል እግሬ እየተነሳ ወደ በር እየሄደ አስቸግሮኛል። ያን ድምፅ ሰምቼ፣ ከፍቼ፣ ባጣቸው አልችለውም።»

ማልኩላቸው።

ደብረ ታቦር መርማሪው ዳማን ዞሮ ዞሮ አያትና «እስቲ ክላክስ!» አለኝ። ስጫነው ክፉኛ ደንግጦ ዘለለ። «ይቺ ትንሽ ነገር ይሄን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣችው?» ብሎ ሳቀ፣ ሳቅኩለት፣ አለፈች! ቦሎው መስታወቷ ላይ ሲለጠፍ ዕንባዬ መጣ፣ አላፍርም።

እንግዲህ ልብ በል። የዳማ የክላክስ መጫኛ አንዳንዴ ጉድጓድ ስትመታ በራሱ ይጣበቃል፣ በእትዬ አንጓች በር ላይ ድንገት ቢጮህብኝስ ብዬ፣ እዚያው ደብረ ታቦር ክላክሱን ፈትቼ አወረድኩት፣ ሽቦውን በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ክላክሱን በጋቢዬ ጠቅልዬ አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በገዛ እጄ ነው ያደረግሁት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ጭጋግ ወረደ። ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጠመዝማዛው አቀበት ላይ ስደርስ ከጋቢው ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የመንገዱ መንገጫገጭ ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ጠቅ»። ከዚያ ያቺ ስታቃስት የኖረች ዳማ ዝም አለች፣ ሞተሩ ጠፍቶ አይደለም፣ ከኋላዋ ሰው የገፋት ያህል ቀለል ብላ አቀበቱን ወጣችው። እጄ መሪው ላይ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ፣ ጡጥ፣ ጡጥ፣ ጡ...ጥ!

ፍሬን ያዝኩ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሽቦው እንደጠቀለልኩት ነው። ከፊት መኪና የለም፣ ከኋላም የለም። ኮፈኑን ዘግቼ ወደ ታች ብነዳ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እትዬ አንጓች ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ቆመዋል።

«ምን በደልኩህ፣ ሙሌ?» አሉኝ። «ቃልህስ?»

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ጋቢውን እንደተጠቀለለ አስታቀፍኳቸው። ገለጥ አድርገው አዩት፣ ኮፈኑ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ አዩ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ክላክሱ ላይ አሳረፉ።

«ንካው እስቲ» አሉኝ። ነካሁት። ሞቆ ነበር።

«መልሰህ ግጠመው» አሉኝ በመጨረሻ። «ስታልፍም ጥራኝ። ከፍቼ ማንንም ከማጣ፣ አንተን ባገኝ ይሻለኛል።»

ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አደርጋለሁ፣ እሳቸውም ከፍተው የተቆላ ባቄላ በእፍኛቸው ይሰጡኛል፣ የፊታቸውም ወዝ ተመለሰ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ረስቼው ነበር።

በክረምቱ የዳማ ሞተር ወርዶ ጋራዥ ገባች፣ ክላክሱ እንዳይሰረቅብኝ ፈትቼ ቤቴ አልጋ ሥር አኖርኩት። ሳምንት ያህል ቆይቼ፣ ናፍቀውኝ በእግሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ትናንት ምነው አኮረፍከኝ?» አሉኝ እየሳቁ። «ጠርተኸኝ ከፍቼ ብጠብቅህ ዝም ብለህ አለፍክ።»

«መኪናዋን አዩዋት?»

«በጭጋጉ ምኑን አያለሁ? የኋላ መብራቷን ብቻ።»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ግን «ቸኩዬ ነው፣ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይሁን፣ ዋናው መምጣትህ ነው» አሉኝ።

ስወጣ ያን ሰፊ በር ልዘጋላቸው ያዝኩት። ከኋላዬ ሆነው «ተወው፣ ሙሌ፣ ክፍቱን ይደር» አሉኝ።