ንቅንቅ ያላለው ካሜራ

«አፍንጫው ወዴት ነው የሚሮጠው?» አላት ወንድሟ በእጆቹ። ሁለት ጣቶቹን እንደ እግር እያራመደ ከፊቱ አወረዳቸውና ዴስኩ ጠርዝ ላይ አቆማቸው።

ቀጭኔ ሳቋ አመለጣት። ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሲጠራት እጁን ከአንገቱ ወደ ላይ መዘዝ ያደርገዋል፤ ክፍሉም አይቶ ወርሶታል። ወንድሟ መስማት የተሳነው ነው። በዓመት ብትበልጠውም አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ መምህራን የሚናገሩትን በምልክት ቋንቋ የምታደርስለት እሷ ናትና።

የእንግሊዝኛው መምህር ዛሬ ሰሌዳው ላይ «ራን» የምትለዋን ቃል ብቻ ጽፈው፣ «በዚህ ትምህርት ቤት ከእኔ በላይ የምትሠራ እሷ ናት። ከሩጫ ሌላ ሥራዋን ንገሩኝ» ብለዋል። አንዷ እናቷ ሱቅ «ራን» እንደምታደርግ ተናገረች። ሌላው ጉንፋን የያዘውን አፍንጫ አመጣ፤ ሦስተኛዋ ታጥቦ ቀለም የለቀቀ ሸሚዝ። ቀጭኔ ለሁሉም ያንኑ የሩጫ ምልክት እየሠራች አለፈች።

«በኋላ እነግርሃለሁ» አለችው አሁንም።

ወንድሟ እጆቹን ሰብስቦ በመስኮቱ ያይ ጀመር።

ጠዋት መምህሩ ወደ ጎን ጠርተዋት፣ «ልጄ፣ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ካልሠራ፣ ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በከንቱ ለምን ይጨነቃል?» ብለዋት ነበር። ፊልም ከግርጌው ከነእንግሊዝኛ ጽሑፉ አይቶ የማይጠግብ ልጅ! እስካሁን አልነገረችውም።

በአፏ ወደ አማርኛ ብትመልሰው ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ታወጣ ነበር፤ ሱቁን «ታስተዳድራለች»፣ አፍንጫው «ይፈስሳል»፣ ቀለሙ «ለቀቀ»። ታዲያ እጇ ለምን ሰነፈ? ደግሞስ ሸሚዝ ቀለም ሲለቅ በእጅ እንዴት ይባላል? አታውቀውም። ማወቅ ግን አማራት።

ችግሩ ክፍሉን ማስቆም ነው። ሰው ዞሮ ሲያያት ጆሮዋ የሚግል ልጅ ናት። ቢሆንም እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ይጠብቁን። አልደረሰንም።»

«ኧረ በናትሽ! ሊደወል ነው እኮ» አለ የክፍሉ ቀልደኛ ከኋላ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት መምህሩ። «ቀጥይ ልጄ።»

«ሸሚዝ ታጥቦ፣ ቀለሙ ወደ ሌላ ልብስ ሲሄድ» አለችው ለወንድሟ። «እንዴት ትለዋለህ?»

አሰብ አደረገ። ከዚያ ጣቶቹን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ እየበተናቸው ወደ እሷ እጅጌ አሻገራቸው። ቀለሙ ሲሰርግ ያየችው መሰላት። አፍንጫው መፍሰሱን ስትነግረው ግን አንድ ጣቱን ከአፍንጫው ወደ ከንፈሩ አውርዶ ጨረሰው። ማንም ሳያስተረጉምላቸው የፊተኞቹ «ኤጭ!» ብለው ሳቁ።

ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ። «እና ካሜራውም?»

«የምን ካሜራ?»

ወደ ሰሌዳው ሄዶ ጠመኔ አነሣና ካሜራው «ራን» እያደረገ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ዞሮ በእጁ ሲናገር እሷ በድምፅዋ ተከተለችው።

«ይህን ፊልም ላይ አንብቤዋለሁ። ካሜራው ግን በሦስት እግሩ ተገትሮ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ተሳስቷል እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ለካ እየቀረጸ ነው ማለቱ ነው!»

መምህሩ ሰሌዳውን አዩ፤ ልጁንም አዩ። «እኔም አላሰብኳት» አሉ። ከዚያ ወደ ቀጭኔ ጠጋ ብለው፣ በመስኮቱ የሚታየውን ቤተ መጻሕፍት በጠመኔያቸው ጠቆሙና፣ «ያን ነገር ተይው» አሏት በለሆሳስ።

ወንድሟ ወደ ቦታው ሲመለስ ጠመኔው የጠቆመበትን አይቷል። «ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምን አሉሽ?»

«ምንም» ብትለው ይበቃ ነበር፤ ነገሩ አልፏል። መምህሩም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀምረዋል።

ቀጭኔ ወንበሯን አዞረች። ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ከጠዋቱ ጀምራ አንድም ሳታስቀር ትነግረው ጀመር።