ማውዝ የማይነካ እጅ

ኮፒው ገና ግማሽ ላይ ነበር። የአለቃው ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ።

«ክር» በሚል የምስጢር ስም የሚጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ የኮንትሮልና የኮማ ቁልፎችን ባንዴ ተጫነ።

ፋይሉ የሚቀዳበት፣ በእነዚህ ቁልፎች የሚደበቅና የሚገለጥ አራተኛው የስክሪን ገጽ ተሰወረ። ስክሪኑ ላይ የጸሐፊዋ ደብዳቤ ብቻ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማሽኑን ራቁቱን አስቀረኸው እንዴ!» አለ አለቃው።

«አርጅቷል ጋሼ። ከባዱን ነቅዬ ቀለል ያለ የመስኮት አደራጅ፣ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተውን ሁሉ የሚደረድር ፕሮግራም፣ ጫንኩለት። ጌጥ የለው፣ ምስል የለው። ሁሉም በኪቦርድ ነው።»

ጸሐፊዋ ወንበሯን ለቃለት አጠገቡ ቆማለች። «እኔማ መጀመሪያ ማውዙን ፍለጋ ጠረጴዛ ስር ገብቼ ነበር። አሁን ከልጄ በላይ ይታዘዘኛል» አለች።

አለቃው ስቆ ሄደ።

እሷ የምታውቀው ጥገና መሆኑን ብቻ ነው። እነ አለቃው አስረው የደበቋት መምህር ያለችበት ቤት አድራሻ ግን በጸሐፊዋ ማሽን፣ በጸሐፊዋ ስም ፍላሽ ላይ ተቀዳ። ሌላ መንገድ አልነበረውም። ለራሱ እንዲህ አለ። ራሱንም አላመነውም።

ነገ መምህሯን ያዛውሯታል። ከዚያ በኋላ ማንም አያገኛትም።

ፍላሹን የሚቀበለው በምስጢር ሥራቸው «አጎት» የሚሉት ሰው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የክርን እውነተኛ ስም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«አመጣኸው?» አለ አጎት፣ ክር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲገባ።

«አመጣሁ።»

«ጎበዝ! አረፍ በል፣ ውሃ ላምጣልህ።»

አጎት ፍላሹን ሰክቶ ወደ ጓዳ ገባ። ክር ስክሪኑን አየ። ጥቁር ነው። በመስኮቱ ዙሪያ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር።

የራሱ መስመር።

እንዲህ ያለ አደራጅ የሚጠቀም ሰው ቀለሙንም ቁልፎቹንም እንደ እጅ ጽሑፉ በራሱ መልክ ያበጀዋል። ይሄንን ክር ያበጀው ለቢሮው ማሽኖች ብቻ ነበር። አጎት ይሄን ማሽን ከአለቃው ተቀብሏል ማለት ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ኮንትሮልና ኮማ።

አራተኛው ገጽ ተከፈተ። ለአለቃው የተላከ መልእክት ነበር፦ «መጥቷል። ቶሎ ኑ።»

«ቀዝቃዛ ይሁንልህ?» አለ አጎት ከጓዳ።

«ይሁን፣ አጎቴ።»

መምህሯ ከመያዟ በፊት፣ ለክፉ ቀን ብላ የወንድሟን ኢሜይል አስይዛው ነበር። ፋይሉን ላከለት። ገጹን መልሶ ሰወረ። በሩን ቀስ ብሎ ከፈተ።

መንገዱ ዳር መኪና ሲቆም እሱ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ በሌላ ከተማ፣ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት የወንድሟን መልስ አነበበ። «አስወጣናት። አትናገርም። ስሟን ስንጠራት እንኳ ዞር አትልም።» ሬዲዮው ደግሞ አንዲት ጸሐፊ ምስጢር በመሸጥ መከሰሷን ያወራ ነበር። ልጇን ማን እንደወሰደው አላነሳም።

አሁን ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ስሙን የሚጠይቀው የለም።

«ይሄ ላፕቶፕ አርጅቶብኛል። ቀለል ያለ ነገር አትጭንልኝም?» አለው አንድ ደንበኛ።

«የለም።»

ማውዙን ያዘ። ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ እየተጫነ ይሠራ ጀመር።

«ኧረ ወንድሜ፣ ልታመሽ ነው! ኪቦርድ አታውቅም እንዴ?»

«ብዙም አልለመድኩም» አለ።