ዝም ያለው ፍሬን

«እማ፣ ወደ ግራ እየሄድሽ ነው! እማ!»

«እኔ ነኝ እንዴ! እሷ ናት!»

እናት መሪውን በሁለት እጇ ወደ ቀኝ እየታገለች ፍሬኑን ባላት ጉልበት ረገጠችው። መኪናዋ አልሰማ አለች። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ቁልቁለት አፍንጫዋን ወደ ግራ አጣማ ተያያዘችው። ከፊት ለፊት ዳቦ የጫነ ፒካፕ እየመጣ ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን አንባረቀው፣ ወደ ዳር ሸሸ፣ ለጥቂት ተላለፉ። እናት የእጅ ፍሬኑን መንጭቃ ሳበች። መኪናዋ ተንገጫግጫ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእግረኛ መሄጃ ጠርዝ ገጭታ ቆመች።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠው ትንሹ ልጅ፣ ግንባሩ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተላትሞ ኖሮ፣ ለቅሶውን አቀለጠው።

«አሳየኝ የኔ ጌታ፣ አሳየኝ። እሰይ፣ አልደማም።» እናት ልጇን አቅፋ ወረደች። ስልኳን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣች። «ወንድሜ ነው ብዬ! ስንት መካኒክ እያለ፣ ሥጋዬ ነው ብዬ የልጆቼን ነፍስ ለሱ ሰጠሁ! የፍሬኑን ሸራ ባለፈው ሳምንት ነው እኮ የቀየረው! አዲስ ሸራ!»

ትልቋ ልጇ ኩኩ ከፊት ወንበር ላይ እንደተተከለች ቀረች። ቀበቶዋን መፍታት እንኳን ረስታለች። አንድ ነገር ትዝ ብሏት ነበር፤ ያ ነገር ባይሆን ምን ነበረበት!

እውነቱን ለመናገር ጣጣው የጀመረው በዚያው ሸራ ነው። አጎቷ አዲሱን ካሰረ በኋላ መኪናዋ መቆሙንስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ችግሩ ሳትጮኽ አትቆምም። ሲጢጥ! የሞተ ይቀሰቅሳል። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ቀን ታገሱት፣ እየተፋተገ ሲሄድ ይተዋል» ብሏቸው ነበር አጎቷ። እናት ታገሠች። ኩኩ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጢጥ እያለ መድረስን የሚችል ካለ ይምጣና እንየው። መኪናዋ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ስትጮኽ ልጆቹ ተጠራርተው ጆሯቸውን ይይዛሉ። ወሬ ስለማታቋርጥ «ሬዲዮ» የምትባለው የወንበር ጓደኛዋ ደግሞ ድምፁን አጥንታው፣ ኩኩ መልስ ልትመልስ በተነሳች ቁጥር «ሲጢጥ!» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ኩኩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም እቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። በዚያ ቤት የጮኸ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ የስፌት ማሽን ዘይት። በር ጮኸ? ዘይት። አልጋ ተንቋቋ? ዘይት። መቀስ፣ መስኮት፣ የትንሹ ልጅ ብስክሌት፣ ሁሉም ከዚያች አፏ ከቀጠነ ቆርቆሮ ጠብ ጠብ ይደረግለታል። አባቷ እጁን ይጠርግና «በቃ፣ ድኗል» ይላል። ደግሞም ይድናል! ታዲያ ትናንት እናቷ ከሌሊት ተረኝነት ገብታ እንደተኛች፣ ኩኩ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። የሚጮኸው የቀኙ የፊት ጎማ መሆኑን ታውቃለች። አጠገቡ ተንበረከከች፤ በጎማው ብረት ክፍተት አሻግራ የሚያብለጨልጨውን ክብ ብረትና እሱን ግራና ቀኝ የያዘውን ሸራ አየች፤ ዘይቱን አጠጣችው። እንዳይቸግር ብላ ደገመችለት። በቃ፣ ድኗል።

ዛሬ ጠዋት መኪናዋ በእርግጥ አልጮኸችም።

«እንዴ! የእናንተ መኪና ዛሬ አደብ ገዛች?» አለቻት ሬዲዮ፣ የጠዋቱን ጉድ ስላላየች፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ የመጣችውን ኩኩን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀብላ።

ኩኩ አልፋት ገባች።

ያን ቀን መቀመጫው እሾህ ሆነባት። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፤ ውኃ ልጠጣ ብላ ትወጣለች፣ ሳትጠጣ ትመለሳለች። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ስታንቀጠቅጥ ወንበሩ ሁሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቁጭ ማለት አቃተሽ?» አሉ መምህሩ።

«ጥያቄ ነበረኝ መምህር።» ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «አንድ ሰው... የመኪና ፍሬን ላይ ዘይት ቢያፈስ ምን ይሆናል?»

«የፍሬን ዘይት ማለትሽ ነው? እሱማ በቧንቧው ውስጥ ነው የሚሄደው።»

«አይደለም፤ ሸራው ላይ። እንዳይጮኽ ብሎ።»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው ሳቁ። «ሸራው እኮ ብረቱን አንቆ የሚያቆመው በፍትጊያ ነው። ዘይት አጠጥተሽው በምኑ ይይዘዋል? ያ ሰውዬ ዕድሜው አስጠልቶታል ማለት ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። ኩኩም ከሰው ላለመለየት ጥርሷን አሳየች። እሷ ናት። የትንሹን ልጅ ግንባር ያሳበጠችው፣ እናቷን ከወንድሟ ያጣላችው እሷው ናት፤ ከዚህ ወዲያ ምናልባት የሚባል ነገር የለም።

ከትምህርት ስትለቀቅ እግሯ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ አጎቷ ጋራዥ ወሰዳት። ጋራዥ ማለት ካልቀረ ግቢና ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ አጎቷ ከሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት ትቶ የራሱን ከከፈተ ገና ወራት ቢሆኑት ነው። የእናቷ መኪና የቀኝ ጎማዋ ወልቆ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ከበሩ አጠገብ ተማሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሾፌሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እናት ደግሞ ትንሹን ልጅ በእጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ለመንደሩ ሁሉ ለቃዋለች።

«ንገረኝ እንጂ! ዘይቱ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?»

አጎቷ በዘይት የራሰውን ሸራ በጨርቅ ይዞ ያገላብጠዋል። «እኔ እንጃ እትዬ። ፈትሼዋለሁ፣ የሚያፈስ ነገር የለም። ምናልባት ሳስር... ከእጄ ይሆናል።»

«ከእጁ! ሰማችሁ? ከእጁ ነው ይላል! ሁለተኛ መኪናዬን እንዳትነካ። መካኒክ ነኝ ብለህም ለሰው አታውራ!»

እናት ትንሹን ልጅ እየጎተተች ለአባት ልትደውል ወደ በሩ ሄደች። የሚኒባሱ ሾፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ እኔ የሰው ልጅ ነው የምጭነው» አሉና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

አጎቷ ሸራውን አስቀመጠ። ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን በሳሙና ፈተገ፤ አየው፤ ደግሞ ፈተገው። ጣቶቹ መካከል ቀልተዋል። ይሄ የኩኩን አንጀት በላው።

«ጋሽዬ።»

«ኩኩዬ፣ መጣሽ? እናትሽ ዛሬ ተነስቶባታል፣ ወደዚያ ባትጠጊ ይሻልሻል።»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ዘይቱ። የአባዬን የማሽን ዘይት... ይጮኻል ብዬ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ጊዜ... ይድናል መስሎኝ ነበር።»

አጎቷ አፍጥጦ አያት። ይጮኽብኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን ሾፌሩ በለቀቁት ጎማ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ከጠዋት ጀምሮ እኮ ፍሬን የሠራሁለትን ሰው ሁሉ ስደውል ነው የዋልኩት። እጄ ዘይት ነበረበት መሰለኝ፣ መኪናችሁን አታንቀሳቅሱ እያልኩ። አንዱ ሰደበኝ፤ አንዷ አለቀሰች። እህህ፣ እኔ አይደለሁም!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከዕንባ ብዙም አይርቅም ነበር። ከዚያ ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እንዴት?»

«እናትሽ አሁን ብትሰማ ጉድሽ ነው የሚፈላው። እኔን ተይኝ፤ እትዬ ስትቆጣኝ ነው ያደግኩት፣ ቆዳዬ ለምዶታል። ሳምንት ብትኮራርፈኝ ነው፣ ከዚያ ይወጣላታል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አውቀሽም አላደረግሽው። በቃ፣ እዚሁ ይቅር። አጎትሽ አይደለሁ?»

ኩኩ ያን ጊዜ የተሰማትን ምን ብሎ መናገር ይቻላል? ደስታ ነበር፤ ዓይኗን በጨው ታጥባ «እሺ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቤት ትገባለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ማንም ምንም አይላትም። ከነገ ጀምሮ ሬዲዮም የምትስቅበት ነገር አይኖራትም። ቀና ስትል ግን አጎቷ፣ ነገሩ ከእሱ አለመሆኑን እያወቀም፣ ሳያስበው መዳፉን ገልብጦ ሲያይ አየችው። ወዲያ ማዶ የሚኒባሱ ሞተር ተነሳ።

«ኩኩ? ተስማማን አይደል?»

«አልተስማማንም ጋሽዬ» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺ! ነይ፣ ወዴት ነው?»

ሚኒባሱ የኋልዮሽ ወጥቶ በበሩ ላይ እየዞረ ነበር። እናቷ ከበሩ ጎን ቆማ በስልክ «እኔማ ነግሬሃለሁ፣ እጁ ነው ይልሃል እኮ!» ትላለች። ኩኩ በእናቷ አጠገብ አልፋ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች። የሚኒባሱን በር በመዳፏ ደጋግማ መታችው። ሾፌሩ ደንግጠው አቆሙ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ሳይሄዱ አንዴ መስኮቱን ዝቅ ያድርጉልኝ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ስልኩን አትዝጊው። አባዬም ይስማ።»