በቀትር ያሸከመችኝ

ውሸት ነው የምትሉ በሉ። እኔ የምጽፈው በራሴ ጀርባ የደረሰውን ነው።

ጥቅምት 1975 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ፣ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነው።

ቦታው ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ ጋራ የሚወጣው የባሕር ዛፍ መንገድ ነው።

ጥሩብርሃን እባላለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የካ ውስጥ አንድ የመንግሥት ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ከአጠገቤ ባለው የስፌት መኪና ጠይባ ትሰፋለች።

ጠይባን የማይወዳት የለም። ከመጣች ዓመት እንኳን አልሞላትም፣ አለቃችን "እንደ ጠይባ ስፉ!" እያለ ያደርቀናል። እናቴ ሳትቀር፣ የገዛ እናቴ፣ "ያቺ ልጅ ዛሬ ለምን አልመጣችም?" ትለኛለች። እኔ ፊቷ ተቀምጬ!

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ይጸልያል፤ ጠይባ ሳትጸልይም አላጣችም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ለሴት ሠራተኞች የተራራ ጉዞ ጥሪ ከቡልጋሪያ መጣ። ከጉዞው በኋላ እዚያው የሁለት ዓመት ትምህርት አለው። ቦታው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ተጣርተን ተጣርተን ሁለት ቀረን... እኔና እሷ።

ጉዳዩን የያዘው ጓድ አባይነህ ፈተናውን ነገረን።

"አሥራ ሁለት ኪሎ አሸዋ በጀርባችሁ ይዛችሁ ከየካ ሚካኤል እስከ ጋራው ጫፍ ትወጣላችሁ። ቀድማ የደረሰች ትሄዳለች። እኔ በመኪና ቀድሜ ጫፉ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ቦርሳ ራሳችሁ ፈልጉ።"

ሾላ ገበያ፣ ሙክታር የሚባል ሰልባጅ ነጋዴ ዘንድ የፈረንጅ የጀርባ ቦርሳ ተሰቅሎ አገኘን። ሁለት አጫጭር፣ አንድ ትልቅ።

እናቴ ያሳደገችኝ ሃያ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ነው። ሸክም አውቃለሁ። ሸክም የሚቀመጠው ዳሌ ላይ ነው፤ ትከሻ ማስያዣ ብቻ ነው። ከማጅራትሽ አጥንት እስከ ዳሌሽ አጥንት ትለኪያለሽ። ቦርሳው ከዚያ ከረዘመ ቀበቶው መቀመጫሽ ላይ ይወርድና ክብደቱ በሙሉ ትከሻሽን ይበላዋል። ማንገቻውም ለሴት ጠበብ ማለት አለበት፤ አለዚያ ሲንሸራተት ይውላል።

ለራሴ አጭሩን መረጥኩ። ቀበቶው ዳሌዬ አጥንት ላይ ቁጭ አለ።

"አንቺ ታውቂበታለሽ ጥሩዬ፣ ለእኔም ምረጪልኝ" አለች ጠይባ።

ሌላኛው አጭር እዚያው ተሰቅሏል። እጄን በእሱ ላይ አሳልፌ ትልቁን አወረድኩላት።

"ልክሽ ነው! ላንቺ የተሰፋ ነው የሚመስለው።"

"ትንሽ አልረዘመም?"

"ሲሞላ ይሰበሰባል።"

ሙክታር ቀና ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ የወንድ..."

"ጠቅልልልን!" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርን።

እኔ ቀለለኝ። ጠይባ ግን ገና ዳገቱ ሳይከብድ ወደ ኋላ ቀረች። ዞር ባልኩ ቁጥር ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታታል። ትከሻዋ ላይ ሸሚዟ በደም ርሷል።

ደስ አለኝ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደስ አለኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የወፉ ጫጫታ ቀጥ አለ። ቅጠል እንኳን አይንቀሳቀስም።

እናቴ ስለዚያ መንገድ ታስጠነቅቀኝ ነበር። "በቀትር እዚያ ሸክም አታውርጂ። ካወረድሽም፣ 'አሸክሚኝ' የምትያት ፊቷን ያየሻት ሴት ብቻ ትሁን።"

በእንጨት ተሸካሚዎች ዘንድ ደግሞ አሸክሚኝ ያለችን ሴት ጥሎ መሄድ ትልቅ ነውር ነው። ጠላትሽ ብትሆን እንኳን ሸክሟን አንስተሽ ጀርባዋ ላይ ታስቀምጪላታለሽ።

ጠይባ ቦርሳውን መሬት አወረደችው።

"ጥሩዬ... አሸክሚኝ።"

ያልሰማሁ መሰልኩ።

"ጥሩዬ... ብቻዬን አልችለውም..."

ጥያት ሄድኩ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ድምጿ ከኋላዬ መጣ።

"አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ።"

ዞርኩ... መንገዱ ላይ ከጠይባ በቀር ማንም የለም።

ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነው። ያ የወንድ ቦርሳ... ቀበቶው ዳሌዋ አጥንት ላይ፣ ልክ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ማንገቻዎቹ ትከሻዋን አይነኩም። በመሃላቸው ብርሃን ይታያል።

"ማነው ያሸከመሽ?"

"አንዲት እናት" አለች ፈገግ ብላ። "ከኋላዬ አሉ፣ ደግፈውልኛል። አልታዩሽም?"

"ፊታቸውን አይተሻል?"

"ከኋላዬ ሆነው እንዴት ልያቸው?"

አልፋኝ ሄደች። ላብ የላትም። ከጫማዋ ድምፅ ቀጥሎ የባዶ እግር ኮቴ ይከተላል። አቧራው ላይ የሚቀረው ግን የእሷ ዱካ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁልቁል ይሮጥ ነበር። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "እዚህም እሷን? እዚህም እሷን መረጡ?" ቡልጋሪያ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ።

ቦርሳዬን ፈትቼ መሬት ጣልኩት። ከዚያ ለማላየው ሰው፣ ለጫካው...

"እማማ... እኔንም ያሸክሙኝ።"



ከፊቴ ጠይባ ወደቀች። ቦርሳው በጀርባዋ ገለበጣት።

ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ...

"ቁሚ።"

ቦርሳዬ ብቻውን ከመሬት ተነሳና ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሁለት እጆች ወገቤን ግራና ቀኝ ያዙኝ። ቀዝቃዛ ናቸው፤ መዳፋቸው ይሻክራል። የአሸዋው ክብደት ግን ጠፋ።

"ጥሩዬ! አንሺኝ! እግሬ..."

በአጠገቧ አለፍኩ። አላነሳኋትም።

ጫፉ ላይ ጓድ አባይነህ ላንድሮቨሩን ተደግፎ ሲያየኝ አጨበጨበ።

"ጎበዝ! ቡልጋሪያ ያንቺ ናት!"

ቀበቶውን ፈታሁ። ቦርሳው ዱብ ብሎ መሬት ወደቀ።

እጆቹ ግን... ወገቤ ላይ ቀሩ።

መጮህ ፈለግሁ። ከጮህኩ "ይቺ ልጅ ታማለች" ብሎ ቦታውን ለጠይባ ይሰጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከጓድ አባይነህ አጠገብ ቆሜ ጠይባን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠይባ እያነከሰች፣ ቦርሳውን መሬት ለመሬት እየጎተተች ደረሰች። አሥር እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ነው።

"ጥሩዬ..." አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ፊታቸውን አየሁት።"

"ምን... ምን ይመስላሉ?"

የምትጎትተውን ማንገቻ ለቀቀችው።

"ቡልጋሪያውን ውሰጂው። እኔ አልፈልግም... ካንቺ ጋር አንድ መኪና ውስጥም አልገባም።"

ጀርባዋን ሳትሰጠን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደች፤ ዛፎቹ ጋ ስትደርስ በዚያ በታመመ እግሯ ቁልቁል ሮጠች።

"ምን ሆነች ደግሞ?" አለ ጓድ አባይነህ። ከጀሪካን ውሃ በኩባያ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ።

ኩባያውን ተቀበለኝና ጎንበስ ብሎ እንደገና ሞላው። ሊጠጣ መስሎኝ ነበር።

ዓይኑን ከኩባያው ሳያነሳ፣ ውሃው እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላዬ ዘረጋው።

"እርስዎም ይጠጡ እንጂ፣ እማማ። ደክሞዎታል።"

ጆሮዬ ሥር... ጉርጭ... ጉርጭ... ጉርጭ...

ኩባያው ባዶውን ተመለሰ።