ያልተከለለው ሎሚ

ጋሽ ደምሰው የሞቱት ቅዳሜ ዕለት፣ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጉ ነው። ኢንስፔክተር ማኑሄ ሐና ማርያም ወደሚገኘው ቤታቸው ሲደርስ አስከሬኑ ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ጣቶቻቸው በመሳያ ከሰል ጠቁረዋል። በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የመዳፋቸው ምልክት ተደራርቧል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሌላ ቦታ አልፈለጉም።

«የአስም ፓፉ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ። «ዓይኑን ጨፍኖም ያገኘዋል።»

ማኑሄ ፓፉን ያገኘው መስኮቱ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። የተገኘበትን ቦታ ለማንም አልተናገረም። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የሟች የወንድም ልጅ የኢያቄም ነው። ኢያቄም በቤቱ ጉዳይ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። በዚያው ቀን ታሰረ።

ጋሽ ደምሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎናቸው ውስጥ ሥዕል ያስተምሩ ነበር፤ እንዲያው ለደስታ። ተማሪዎቹ ሚስታቸው፣ ኢያቄምና ጎረቤታቸው ሰሀር ናቸው። ማኑሄ ሰሀርን ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ ሕግ ነበራቸው» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር አይነካም። ያየሽውን ብቻ ሳዪ ይሉኛል። አንዴ ሎሚው ላይ የሌለ ቅጠል ጨመርኩበት። ‹ሰሀርዬ፣ ቅጠሉን ከየት ገዛሽው? ሱቅሽ ጨርቅ ነው የሚሸጠው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን ስዬ አላውቅም።»

«ቅዳሜ መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አርፍጄ ነው የደረስኩት። እነ ኢያቄም ስለው ወጥተዋል። ጋሼ መኝታ ቤት ሬዲዮ ይሰማሉ። ሳልጨርስ ከሱቅ ተደወለልኝና ሮጥኩ።»

«ፓፉን አልነካሽም?»

«ማን ይነካዋል? ኢያቄምም ቢሆን ዝንብ አይገድልም፤ ልቀቁት። ፓፉን የደበቀውን ግን አላህ ይፍረድበት።»

ማኑሄ ተመልሶ ወደ ሳሎኑ ገባ። ፓፉን በጠቆረው ቦታ አቆመና ሦስቱም ወንበሮች ላይ ተራ በተራ ተቀመጠ። ከዚያም ቅዳሜ የተሳሉትን ሦስት ሥዕሎች አየ። የሰሀርን ደጋግሞ አየው። ሥዕሉ ቢዋሽ ምናለ ብሎ ተመኘ። ዝም ቢል ኢያቄም እስር ቤት ይከርማል። ቢናገር ደግሞ ሌላ ሰው ይሰበራል።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ኢያቄም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ።

«ይህ የእትዬ አፀደ ሥዕል ነው» አለ ማኑሄ። «ፋኖስ፣ ገንቦ፣ ሎሚ፤ ከሎሚው ጎን ፓፉ። የኢያቄምም ላይ ፓፉ አለ። ሁለቱ ስለው እስኪወጡ ድረስ ከቦታው አልተነሣም ማለት ነው።»

«ተመልሶ ገብቶስ ቢሆን?» አሉ ወይዘሮ አፀደ፣ ኢያቄምን ሳያዩ።

«ሦስተኛውን እንይ። ከሰሀር ወንበር ሆነን ስናይ ፓፉ ከሎሚው ፊት ይቆማል፤ ግማሹን ይከልለዋል። እዚህ ላይ ግን ሎሚው ሙሉ ነው፤ ፓፉም የለም። ሰሀር ደግሞ ያላየችውን አትስልም። ሎሚውን ስትጀምር ፓፉ ተነሥቶ ነበር። ያኔ ሳሎኑ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

ሰሀር ሥዕሏን እያየች ነበር።

«ያገኘሁት እዚያ ነው» አለ ማኑሄ ወደ መጋረጃው እያመለከተ። «ከኢያቄም ወንበር ብቻ ሳይሆን፣ ካንቺም ወንበር ሳይነሡ እጅ ሲዘረጋ ይደርሳል። ማንም አልደበቀውም። ሥዕል የሚስል ሰው የሚከልለውን ነገር ገለል አደረገ፤ ስልክ ጠራና ረሳው። ጋሽ ደምሰው ደግሞ ሕጋቸውን አመኑ። ሌላ ቦታ ያልፈለጉት ለዚያ ነው።»

«ለአንድ አፍታ ነው» አለች ሰሀር፣ ድምፅዋ እየጠፋ። «ሎሚው እንዲታየኝ... ልመልሰው ነበር።» ከዚያ ሱቅ ውስጥ ‹አላህ ይፍረድበት› ማለቷ ትዝ አላትና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ኢያቄም እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ወይዘሮ አፀደ የሰሀርን ሥዕል አንሥተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«ደምሰው አይቶልሻል?»

ሰሀር ራሷን ነቀነቀች፤ አላዩም።

«ቅጠል የለውም» አሉ ወይዘሮ አፀደ ቀስ ብለው። «ቢያየው ደስ ይለው ነበር።»

ማኑሄ ፓፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ፣ የጠቆረው ቦታ ሊያስቀምጠው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።